የደቡቡን ሰማይ በቴሌስኮፕ ለማየት ቺሌ መሄድ እመኛለሁ፤ ሌሊት እንግዳ የሚቀበለው የትኛው ኦብዘርቫቶሪ ነው?

የመክፈቻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። በሰሜን ቺሌ፣ በአታካማ በረሃ ውስጥ፣ ሴሮ ፓራናል የሚባል ተራራ አለ። ከባሕር ጠለል በላይ 2,635 ሜትር ከፍ ባለው ጫፉ ላይ የአውሮፓ አገሮች በጋራ ያቋቋሙት የሰማይ ምልከታ ድርጅት፣ የአውሮፓ ደቡባዊ ኦብዘርቫቶሪ (የሰማይ መመልከቻ ጣቢያ)፣ አራት ታላላቅ ቴሌስኮፖችን ተክሏል። የእያንዳንዳቸው ዋና መስታወት ወርዱ 8.2 ሜትር ነው። ስማቸው ከማፑቼ ሕዝብ ቋንቋ የተወሰደ ነው፤ አንቱ፣ ኩዬን፣ ሜሊፓል እና ዬፑን። አንቱ እ.ኤ.አ. በ1998 የመጀመሪያውን የከዋክብት ብርሃን ከተቀበለ ወዲህ ስንት ነገር ከዚያ ተራራ ተሰማ! በጋላክሲያችን መሃል ያለውን ጥቁር ጉድጓድ (ስበቱ ብርሃን እንኳ የማያስወጣ አካል) በ16 ዓመት አንድ ጊዜ የምትዞረውን ኮከብ በትዕግሥት የተከታተሉት እነዚህ መስታወቶች ናቸው። ከፀሐይ ሥርዓት ውጭ ያለች ፕላኔት እ.ኤ.አ. በ2004 ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ ፎቶግራፍ የተነሣችውም በዬፑን ነው።

እኔ ሳይንቲስት አይደለሁም። ምኞቴ ግን ከዓመት ዓመት እየጠና እንጂ እየላላ አልሄደም፤ ያን ተራራ መውጣት፣ ሌሊቱን እዚያው ማደር፣ ዓይኔን ቴሌስኮፕ ላይ ደቅኜ የደቡቡን ሰማይ ማየት። ይህ ለተራ ሰው ይፈቀዳል? ካልተፈቀደስ ምኞቴ የሚሞላበት ሌላ ቦታ የት አለ? የሄደም፣ ያነበበም፣ የሚያውቅም ይጻፍልኝ።

(መልሶቹ ብዙ ስለሆኑ ኋላ ለሚመጣ አንባቢ እንዲያመች ፍሬ ነገራቸውን በራሴ አገላለጽ፣ በየቁጥራቸው ከዚህ በታች አስፍሬያለሁ። የተስማማሁበትንም ያልተስማማሁበትንም ሳልደብቅ።)

መልስ 1

የመጀመሪያው መልስ ሰጪ ፓራናልን ጎብኝቶ የተመለሰ ሰው ነው። በትሕትና ሰላምታ ሰጥቶ እውነቱን ነገረኝ፤ ፓራናል ለሕዝብ ክፍት የሚሆነው ቅዳሜ ቅዳሜ፣ በቀን ብቻ ነው። ጉብኝቱ በነጻ ነው፤ ሆኖም አስቀድሞ መመዝገብ ግድ ነው፤ መጓጓዣም ጎብኚው ራሱ ይዞ ይመጣል። ሌሊት ግን ማንም ጎብኚ አያድርም። ምክንያቱንም አብራርቷል። አንድ የመኪና መብራት የሌሊቱን ሥራ ሊያበላሽ ስለሚችል ከመሸ በኋላ ተራራው ላይ የሚንቀሳቀስ መኪና ትልቁን መብራት አያበራም፤ ሠራተኞቹ የሚያድሩበት ሕንፃም ሲመሽ ብርሃን እንዳያፈስ መስኮቱ ሁሉ ይጋረዳል። ያም ሆኖ የቀኑ ጉብኝት የሚያስቆጭ አይደለም ይላል። ከፓራናል ላይ ሆኖ 39 ሜትር ወርድ ያለው ቴሌስኮፕ የሚተከልበት የአርማዞኔስ ተራራ ወለል ብሎ ይታያል። የዚያ መስታወት 798 ቁራጮች ተገጣጥመው የሚሠሩ ናቸው።

መልስ 2

ይህኛው አጭርና ደረቅ ነበር፤ ግን የሚጠቅም። ማደር ቢፈቀድልኝ እንኳ ዓይኔን የምደቅንበት ሌንስ እንደማላገኝ ነገረኝ። በእነዚያ ቴሌስኮፖች ውስጥ ብርሃኑ የሚሄደው ወደ ካሜራዎችና ብርሃንን በየቀለሙ ወደሚተነትኑ መሣሪያዎች ነው። ባለሙያዎቹ የሚያድሩት የኮምፒውተር ገጽ ሲመለከቱ ነው። ከዚያም አልፎ አብዛኛውን ምልከታ በጣቢያው ያሉ ሠራተኞች ስለሚያካሂዱት ጥናቱን ያቀረበው ተመራማሪ ከአገሩ ሳይንቀሳቀስ ውጤቱን ይቀበላል። ተመራማሪው ራሱ ያላየውን አንተ እንዴት ታያለህ ነው ነገሩ።

መልስ 3

አንዲት ተሳታፊ ምኞቱ የእርሷም እንደሆነ፣ መልሱን አብራኝ እንደምትጠብቅ ጽፋለች። ሌላ አልጨመረችም። እኔ ግን ብቻዬን አለመሆኔ ደስ አሰኝቶኛል።

መልስ 4

መንገዱን ያቀናልን ይህ መልስ ነው። ጸሐፊው የመልስ 1ንና የመልስ 2ን ሐሳብ ተቀብሎ፣ ለምርምር የተሠራ ኦብዘርቫቶሪና ለሕዝብ የተሠራ ኦብዘርቫቶሪ የተለያዩ መሆናቸውን በማስረዳት ጀመረ። የመጀመሪያው ቀን ይጎበኛል፤ ሁለተኛው ሌሊት ያሳያል። በዚያው በቺሌ፣ ከፓራናል ብዙ ወደ ደቡብ ወርዶ፣ የኤልኪ ሸለቆ አለ። ከላ ሴሬና ከተማ ወደ ምሥራቅ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲኬድ ቪኩኛ የምትባል ትንሽ ከተማ ትገኛለች። የከተማዋ ማዘጋጃ ቤት እ.ኤ.አ. በ1998 በማማዩካ ኮረብታ ላይ ለሕዝብ የተዘጋጀ ኦብዘርቫቶሪ ከፍቷል። የቴሌስኮፑ መስታወት ወርድ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከፓራናሎቹ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ቢሆንም ሰው ዓይኑን የሚደቅንበት ሌንስ አለው፤ አስጎብኚም አብሮ ይቆማል።

አካባቢውም ተራ ቦታ አይደለም። በዙሪያው ካሉት ተራሮች በአንዱ ላይ የሴሮ ቶሎሎ ኦብዘርቫቶሪ አለ፤ በሌላው፣ በሴሮ ፓቾን ላይ፣ 8.4 ሜትር መስታወትና 3,200 ሜጋፒክስል ካሜራ ያለው የቬራ ሩቢን ኦብዘርቫቶሪ ቆሞ እ.ኤ.አ. በጁን 2025 የመጀመሪያ ምስሎቹን ለዓለም አሳይቷል። ባለሙያዎቹ የመረጡትን ሰማይ እንግዳውም ከኮረብታው ላይ ሆኖ ያያል ማለት ነው።

መልስ 5

ይህን መልስ ደጋግሜ አነበብኩት። ጸሐፊዋ የሒሳብ ሰው ትመስላለች። የጋላክሲያችን እምብርት፣ ያ ጥቁር ጉድጓድ ያለበት ቦታ፣ ከሰማይ ወገብ (ከምድር ወገብ በላይ ሰማይ ላይ ከሚታሰበው መስመር) ወደ ደቡብ 29 ዲግሪ ላይ ነው። በዚያው በቺሌ ያለው የላ ሲያ ኦብዘርቫቶሪ በምድር ላይ የሚገኘው ከ29 ዲግሪ ደቡብ ትንሽ አለፍ ብሎ ነው፤ ቪኩኛ ደግሞ ወደ 30 ዲግሪ ትጠጋለች። ስለዚህ እዚያ ለቆመ ሰው የፍኖተ ሐሊብ (የጋላክሲያችን) እምብርት ከሞላ ጎደል አናቱ ላይ ያልፋል። በጁን ወር መጨረሻ አካባቢ ደግሞ ይህ የሚሆነው በእኩለ ሌሊት ነው። የፍኖተ ሐሊብ ድምቀት ከአድማስ እስከ አድማስ ተዘርግቶ፣ በጣም የወፈረው ክፍሉ ከራስ በላይ ይሆናል። ይህን ለማየት መስታወትም ሌንስም አያስፈልግም፤ ጨረቃ የሌለችበት ሌሊትና ጋደም የሚሉበት ቦታ ይበቃል።

ከዚህ መልስ በኋላ የጓጓሁለት ነገር ሕንፃው ሳይሆን ያ ሰዓት መሆኑ ገባኝ።

መልስ 6

እዚህ ላይ ክሩ፣ ማለትም ውይይቱ፣ ሞቅ አለ። ጸሐፊው ሁላችንንም ሕልመኞች አድርጎ ነው የጀመረው። በትንሽ ቴሌስኮፕ ኔቡላ (በከዋክብት መካከል ያለ የጋዝና የአቧራ ደመና) ያየ ሰው የሚያገኘው ግራጫ ጭጋግ ነው፤ በደብዛዛ ብርሃን የሚሠሩት የዓይን ሕዋሳት ቀለም አይለዩምና። በፎቶግራፍ የሚታየው ቀይና ሰማያዊ ካሜራ ለረጅም ጊዜ ብርሃን ሰብስቦ ያመጣው ነው። ይህን ሳያውቅ ውቅያኖስ የሚያቋርጥ ሰው ገንዘቡን ከጣለ በኋላ ያለቅሳል፤ ቤቱ ቁጭ ብሎ የታላላቆቹን ቴሌስኮፖች ምስል ቢያይ ይሻለዋል የሚል ነው ክርክሩ። ስለ ቀለሙ የተናገረው ልክ ነው፤ ለሚጓዝ ሁሉ አስቀድሞ ሊነገር ይገባል። ከዚያ የደረሰበትን መደምደሚያ ግን አልቀበልም።

መልስ 7

የመልስ 6 ጸሐፊ ጥያቄውን በቅጡ ሳያነብ ፈረደ የሚል ቁጡ መልስ ነው። ስድቡን ትቼ ቁም ነገሩን ልንገራችሁ። ሰማይ ኔቡላ ብቻ አይደለም። ኦሜጋ ሴንታውሪ የተባለው የከዋክብት ክምችት ከእኛ ወደ 17,000 የብርሃን ዓመት ርቆ 10 ሚሊዮን ገደማ ከዋክብት ይዟል። በባዶ ዓይን እንደ ደበዘዘች ኮከብ የሚታየው ነገር በ30 ሴንቲ ሜትር ቴሌስኮፕ ሲያዩት እንደ አሸዋ ቅንጣት ተበትኖ እያንዳንዱ ነጥብ ለየብቻው ያብረቀርቃል። ካሜራ ጠርዙን ለማሳየት ሲል መሃሉን ብዙ ጊዜ በብርሃን ያጥለቀልቀዋል፤ ዓይን ግን ሁለቱንም ችሎ ያያል። ማየት ደግሞ ልምምድ ይጠይቃል፤ ደብዛዛ ነገር በቀጥታ ሲያፈጡበት ይጠፋል፣ ጎኑን ሲያዩ ይወጣል። ሌንሱ ላይ ቆም ብሎ የታገሠ ሰው በመጀመሪያው ቅጽበት ያላየውን ያያል።

መልስ 8

የመልስ 6 ጸሐፊ ተመልሶ መጣ። ይህ ሁሉ ወሬ የሞላለት ሰው ጨዋታ ነው፤ ከንፈር እየመጠጣችሁ ሰውን ለማይችለው ወጪ ታነሣሣላችሁ አለ። ቀጥሎ የጻፈው የግል ዘለፋ ስለሆነ እዚህ አላሰፍረውም። ስለ ወጪው ያነሣው ግን ቀላል ነገር አይደለም፤ ምኞቴ ዓመታት የፈጀው በእርሱ ምክንያት ነው። አቅም ማጣት ግን ሰውን ከመመኘት አያግደውም።

መልስ 9

የክሩ አንጋፋ የሆኑ መምህር ገብተው ሁለቱንም ወገን ገሠጹ። ከዚያም ታሪክ አመጡ። እንግሊዛዊው ጆን ኸርሸል አባቱ የጀመረውን የሰሜን ሰማይ ፍተሻ ካጠናቀቀ በኋላ የቀረውን ግማሽ ሰማይ ለማየት ቤተሰቡንና ትልቁን ቴሌስኮፑን በመርከብ ጭኖ ወደ ኬፕታውን አካባቢ ተጓዘ። እ.ኤ.አ. ከ1834 እስከ 1838 እዚያው ተቀምጦ የደቡቡን ሰማይ ፈተሸ። ከተወለዱበት ሰማይ ሌላ ሰማይ መመኘት ዛሬ የመጣ እንዳልሆነ ለማሳየት ነው ያነሡት።

ደመና እንዳይረሳ ደግሞ የፈረንሳዊውን የለ ዠንቲን ነገር አከሉ። ቬነስ በፀሐይ ፊት ስታልፍ ለማየት ወደ ህንድ፣ ወደ ፖንዲቼሪ ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ1761 ከተማዋን እንግሊዞች ስለያዙበት ቀኑ ባሕር ላይ ሳለ ደረሰ፤ በሚናወጥ መርከብ ላይ መለካት አልቻለም። ቀጣዩን የ1769 ዕድል ለመጠበቅ እዚያው በምሥራቁ ቀረ። ቀኑ ሲደርስ ፖንዲቼሪ ላይ ደመና ጋረደው። እ.ኤ.አ. በ1771 አገሩ ሲገባ እንደሞተ ተቆጥሮ፣ በፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ የነበረው ወንበር ለሌላ ተሰጥቶ፣ ወራሾቹ ንብረቱን ሊከፋፈሉ ሲሰናዱ አገኛቸው።

መልስ 10

ይህ ጸሐፊ መምህሩን አክብሮ አረማቸው። ኸርሸል ሀብት ያለው፣ የራሱን ቴሌስኮፕ ይዞ የሄደ ሰው ስለሆነ ከእኛ ጋር አይነጻጸርም ይላል። ስለ ደመናው ግን የሰሜን ቺሌን አየር በሚገባ ተንትኖልናል። ከደቡብ የሚመጣው ቀዝቃዛው የሁምቦልት የባሕር ጅረት የጠረፉን አየር ስለሚያቀዘቅዘው ጉሙ ከባሕሩ ዳር ዝቅ ብሎ ይቀራል፤ ተራሮቹ ከበላዩ ይቆማሉ። ከምሥራቅ የሚመጣውን እርጥበት ደግሞ የአንዲስ ሰንሰለት ያግደዋል። በሁለቱ መካከል የተያዘው ምድር ደረቅና ጥርት ያለ ሰማይ ይኖረዋል። በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ ብቻ በስተ ሰሜን በኩል ደመና አንዲስን ተሻግሮ ሊመጣ ይችላል። በጁን ሌሊቱ ረጅም ነው፤ ብርዱም የዚያኑ ያህል የከፋ።

መልስ 11

ቺሌ ብቻ አይደለም ያለ ሌላ ሰው አማራጮች ደረደረ። በአሜሪካ ቴክሳስ፣ በዴቪስ ተራሮች ላይ ያለው ማክዶናልድ ኦብዘርቫቶሪ በሳምንት ለተወሰኑ ምሽቶች ሕዝብ ሰብስቦ ሰማይ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1939 በተመረቀው 2.1 ሜትር ቴሌስኮፕ ላይም አልፎ አልፎ ሌንስ ተገጥሞለት ጎብኚ በገዛ ዓይኑ እንዲያይ ይደረጋል። የመልስ 2ን ጨለምተኝነት የሚያቃልል ወሬ ነው። እግረ መንገዱንም በዚያው ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1970 አንድ ሠራተኛ በ2.7 ሜትሩ ቴሌስኮፕ መስታወት ላይ ሽጉጥ መተኮሱን፣ መስታወቱ ሳይሰበር ቀዳዳዎቹን ይዞ ሥራውን መቀጠሉን አወጋን። በሃዋይ ያለው ማውና ኬአ ግን 4,205 ሜትር ስለሆነ ልብና ሳንባው ጤነኛ ያልሆነ እንዳይሞክረው አስጠንቅቋል።

መልስ 12

የሒሳቧ ሴት ተመለሰች። ቴክሳስ ለዚህ ጥያቄ መልስ እንደማይሆን በቁጥር አሳየች። ማክዶናልድ በሰሜን 30.7 ዲግሪ ላይ ስለሆነ የጋላክሲው እምብርት ከአድማስ 30 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ይላል፤ የማጄላን ደመናዎች የሚባሉት ሁለቱ ጎረቤት ጋላክሲዎች ደግሞ ከቶ አይወጡም። ከቺሌ ጋር የሚተካከል ሰማይ ያለው በደቡብ አፍሪካ የሰዘርላንድ ኦብዘርቫቶሪ ነው። 91 ባለ ስድስት ጎን ቁራጮች ያሉት ታላቁ ቴሌስኮፕ በቀን ይጎበኛል፤ ለእንግዶች በተዘጋጁ አነስተኛ ቴሌስኮፖችም የሌሊት ምልከታ አለ። በክረምት ግን በረዶ የሚጥልበት ቦታ ነው።

አያይዛም ማንም ያላሰበውን አነሣች። በጁን የጋላክሲው እምብርት አናት ላይ ሲሆን ትልቁ የማጄላን ደመና ወደ ደቡብ አድማስ ተጠግቶ ዝቅ ይላል። ሁለቱንም በአንድ ሌሊት የሚፈልግ ሰው በኤፕሪል ይሂድ፤ አመሻሽ ላይ የማጄላን ደመናዎችን፣ እኩለ ሌሊት ገደማ ኦሜጋ ሴንታውሪን፣ ሊነጋጋ ሲል ደግሞ እምብርቱን አናቱ ላይ ያገኛል።

መልስ 13

ስለ ማጄላን ደመና ሲነሣ አንዱ ሱፐርኖቫ 1987ኤ የተባለችውን የፈነዳች ኮከብ አስታወሰ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1987፣ እዚያው ቺሌ ውስጥ በላስ ካምፓናስ ኦብዘርቫቶሪ፣ የቴሌስኮፕ ረዳት የነበረው ኦስካር ዱሃልዴ ከሥራው መሃል ወጣ ብሎ ቀና ሲል በትልቁ የማጄላን ደመና ውስጥ ቀድሞ ያልነበረች ኮከብ በባዶ ዓይኑ አየ። በዚያው ሌሊት ኢያን ሼልተን በፎቶ ሰሌዳው ላይ ያችኑ ኮከብ አገኘ። ከፍንዳታው የወጡትን ኒውትሪኖ የሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ቅንጣቶች ጃፓን ያለው ካሚዮካንዴ የተባለ መመርመሪያ መዝግቧቸው ነበር። ዓይን ዋጋ የለውም ላለው ለመልስ 6 ይህን አበረከትኩ ብሎ ዘጋ። መሣሪያ በሞላበት ተራራ ላይ ቀና ማለት የለመደ ሰው ቀድሞ ማየቱ እኔንም አስደንቆኛል።

መልስ 14

የመልስ 6 ጸሐፊ ለሦስተኛ ጊዜ። ያች ሱፐርኖቫ እ.ኤ.አ. ከ1604 ወዲህ ከታዩት ሁሉ ደማቋ ስለነበረች ለዓይን ጥቅም ማስረጃ አትሆንም፣ በአራት መቶ ዓመት አንዴ በሚሆን ነገር የጉዞ ዕቅድ አይወጣም አለ። በዚህ እውነት አለው። ድምፁም በመጠኑ ረግቧል።

መልስ 15 እና 16

አርእስቱ ሳተ። አንዱ ቺሌን ትታችሁ እ.ኤ.አ. ኦገስት 2 ቀን 2027፣ ማለትም ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም.፣ ግብፅ ሉክሶር ሂዱ፤ ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ከስድስት ደቂቃ በላይ ይቆያል አለ። ሌላዋ እ.ኤ.አ. ጁላይ 2 ቀን 2019 ግርዶሹ በላ ሲያ ኦብዘርቫቶሪ ላይ ማለፉን፣ ሙሉ ጨለማው ግን ሁለት ደቂቃ እንኳ አለመሙላቱን ጨመረች። ከዚያ የመነጽር ዓይነት ክርክር ተነሣ፤ አወያዩ ሌላ ክር እንዲከፍቱ ጠየቃቸው።

መልስ 17

ይህ ጸሐፊ አትዘግዩ ይላል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 የአውሮፓ ደቡባዊ ኦብዘርቫቶሪ በፓራናል አቅራቢያ ታቅዶ የነበረ ግዙፍ የኢንዱስትሪ ፕሮጀክት ሰማዩን ሊያበላሽ እንደሚችል በአደባባይ ማስጠንቀቁን አስታውሷል። በረሃ ስለሆነ ብቻ ሰማዩ ተጠብቆ እንደማይኖር፣ ላ ሴሬናም እየሰፋች እንደሆነ ጽፏል። ስጋቱን እጋራለሁ።

መልስ 18

የመልስ 4 ጸሐፊ ተመልሶ ዕቅድ አወጣልኝ። እ.ኤ.አ. ጁን 4 ቀን 2027 ዓርብ ነው፤ በእኛ ግንቦት 27 ቀን 2019 ዓ.ም.። ያን ቀን ጨረቃ ስለምትወለድ ሌሊቱ ጨለማ ነው። ዓርብ ምሽት ማማዩካ ላይ ኦሜጋ ሴንታውሪ ከፍ ባለችበት ሰዓት በሌንስ ማየት ይቻላል። የምሽቱ ጉብኝት እምብርቱ አናት ላይ ከመድረሱ በፊት ስለሚያበቃ ከከተማ መብራት የራቀ ማረፊያ ይዞ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ደጅ መውጣት ያስፈልጋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ዓይን ጨለማ እስኪለምድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጃልና በዚያ መካከል ስልክ መክፈት ድካሙን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል፤ ብርሃን ካስፈለገ ደብዛዛ ቀይ ይሁን። ቅዳሜ ደግሞ ላ ሲያ በቀን ጎብኚ ይቀበላል፤ ከላ ሴሬና ወደ ሰሜን 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፓራናል እጅግ ስለሚርቅ ለሌላ ሳምንት ይቆይ ብሏል።

የኤፕሪሉን ምክር በደንብ አስቤበታለሁ። ሁለቱንም በአንድ ሌሊት ማየት ትልቅ ነገር ነው። እኔን ግን መጀመሪያ የሳበኝ ያ እምብርት ስለሆነ፣ ሊነጋ ሲል ተቻኩዬ ሳይሆን ረጅሙን የጁን ሌሊት ይዤ ላየው እፈልጋለሁ። የማጄላን ደመናዎች በዚህ ጉዞ ይቅሩብኝ። ለላ ሲያ ምዝገባው ሲከፈት እመዘገባለሁ፤ የመልስ 3 ጸሐፊም ከፈለገች ቀኑን ታውቃለች። አሁን የሚቀረኝ መኪናው ነው። ከላ ሴሬና ተነሥቶ ወደ ላ ሲያ በራሱ የነዳ ሰው ካለ የመንገዱን ሁኔታ፣ በተለይ ከዋናው አውራ ጎዳና ተገንጥሎ ወደ ተራራው የሚወጣውን ክፍል፣ ይጻፍልኝ።